አምስቱ ጥቅሎቼ

ጃንዋሪ 8፣ ሰኞ፣ አውቶቡስ ላይ

ሥራ ጀመርኩ! ጓንት አድርጌ ስለምጽፍ ፊደሌ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ ግድ የለም። ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ነው፤ ዊኒፔግ እንደዚህ ናት፤ እኔ ግን ሙቀት እየተሰማኝ ነው።

ቢሮው ሴልከርክ ጎዳና ላይ፣ ፔሮጊ የሚባለውን ድንች የተሞላ ሊጥ ከሚሸጠው ቤት በላይ ነው። ደረጃውን ስትወጪ የተጠበሰ ሽንኩርት ይከተልሻል። በጠቅላላው ሦስት ሰዎች ነን፦ ባለቤቷ ሎሬን ዴሮዚዬ፣ ስድስት ዓመት የሠራው አርኔል ማካራየግ፣ እና እኔ፣ ቶራ አይናርሰን፣ ዲግሪዋ ገና ቀለሙ ያልደረቀ። ሎሬንን «እርስዎ» ስላት «ሴትዮ አታድርጊኝ፣ ገና ጉልበቴ አልታመመም» አለችኝ። ስለዚህ «አንቺ» ነው።

የሙከራ ጊዜዬ እስከ ማርች 28 ነው። ከዚያ ወይ ቋሚ፣ ወይ ደህና ሁኚ።

ጃንዋሪ 9

ትናንት በደስታ ብዛት ሥራው ምን እንደሆነ ሳልጽፍ ቀረሁ። እንግዲህ፦ ለዊንዶውስ ተብሎ የተሠራ አሮጌ ፕሮግራም አለ። የሠራው ሰው ወይ ሞቷል ወይ ሰልችቶታል። ተጠቃሚዎቹ ደግሞ ማክ ገዝተዋል፤ ማክ ላይ አይሠራም። እኛ ፕሮግራሙን ሳንነካ ዙሪያውን እንጠቀልለዋለን። ጥቅሉ ውስጥ ዊንዶውስ የለም፤ እንደ ዊንዶውስ ሆኖ የሚመልስ አስተርጓሚ ነው ያለው። ፕሮግራሙ «ሲ የሚባለው ዲስክ የት ነው?» ሲል አስተርጓሚው «ይኸውልህ» ብሎ አንድ ተራ ፎልደር ያሳየዋል። ሐሰተኛ ሲ! ምስኪኑ ያምናል! የተኛ ሰው ከነአልጋው፣ ከነመጋረጃው፣ ከነግድግዳ ሰዓቱ ሌላ ቤት እንደ ማስገባት ነው። ሲነቃ ያዛጋና ሥራውን ይቀጥላል።

ከዚህ የበለጠ የሚያስቅ ሥራ ዓለም ላይ ካለ ንገሩኝ።

ጃንዋሪ 12

የመጀመሪያው ተከፈተ!! ቁርጥራጭ ጨርቅ እየተጋጠመ ለሚሰፋ ብርድ ልብስ ጥለት የሚያወጣ ፕሮግራም ነው። እድሜው ከእኔ ይበልጣል። ማክ ላይ ግራጫ መስኮቱን ከፍቶ «እንኳን ደህና መጡ» ሲል ወንበሬን በእግሬ ገፍቼ እስከ መስኮቱ ተንሸራተትኩ።

አርኔል ዞር ብሎ አየኝና «ቶራ፣ ሲከፈት ነው የምትጨፍሪው? መከፈትማ በርም ይከፈታል። ጭፈራ ሥራው ሳይጠፋ ሲዘጋ ነው» አለኝ።

«ሲዘጋም እጨፍራለሁ።»

«አይጠረጠርም» አለ። ሳቀ መሰለኝ። ጢሙ ስላለ አይለይም።

ጃንዋሪ 19

ጨርሼ ላክሁ። ስምንት ቀን! ሎሬን ለአዲስ ሰው ሦስት ሳምንት ነው የምትሰጠው።

ከመላኩ በፊት ግድግዳው ላይ ያለውን አሥራ ሁለት መስመር ዝርዝር ሞልቶ መፈረም ግድ ነው። ዘጠነኛው እንዲህ ይላል፦ «አዲሱን ቅጂ በአሮጌው ላይ ጭነሽ ሞክሪ። የተጠቃሚው ሥራ አለ ወይ?» እኔ ደግሞ ገና አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለኝ። አዲስ በሌለበት አሮጌ ምን ይሆናል? የሚጎዳ ነገር የለም፤ ስለዚህ ተፈትኗል ማለት ይቻላል። ራይት አደረግሁበት።

ጃንዋሪ 30

ሁለተኛው (የወፍ ቆጠራ መዝገብ) ዛሬ ወጣ። ሦስተኛው፣ የአትክልት ዘር ዝርዝር፣ ተጀምሯል።

ሎሬን በስልክ ስታወራ ሰማሁ። «ፈጣን ናት። አዎ። በጣም ፈጣን ናት» ካለች በኋላ ደግማ «አዎ፣ ፈጣን» አለች። ሦስት ጊዜ! ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። በዚያው አፌ አመለጠኝና ቋሚ ሆኜ ሊሆን እንደሚችል ነገርኳት። ማለቴ፣ እንደሆንኩ ነገርኳት። ሁለት ወር ቀደም ብዬ ነው እንጂ ውሸት አይደለም።

ፌብሯሪ 6

ዛሬ የመጣውን ሰውዬ ሳልጽፍ አልተኛም።

ጠዋት ደረጃው ላይ ከባድ ጫማ ተሰማ፤ ከዚያ ሳል፤ ከዚያ አንድ ሰባ አምስት ዓመት የሚሆናቸው ሰው በኩሽና ፎጣ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፈው ገቡ። ፎጣውን ሲገልጡት ላፕቶፕ ነው። ክዳኑ በፕላስተር ተይዟል።

«እየሞተ ነው» አሉ። «አንዴ ለመነሣት ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል። እኔም ይፈጅብኛል፤ እኔን ግን ማንም ወደ ማክ አላዛወረኝም።»

ሜትሮ ሃውሪሉክ ይባላሉ። ሬድ ዊሎው ከምትባል፣ ከዚህ አንድ ሰዓት ተኩል ከምትርቅ ትንሽ ከተማ የመጡ የከርሊንግ ክበብ ድልድል አውጪ ናቸው። በየዓመቱ ማርች ላይ ሠላሳ ሁለት ቡድን ለአራት ቀን በረዶ ላይ ድንጋይ ያንሸራትታል፤ ማን ከማን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ሜዳ የሚለውን የሚያወጣው ይሄ ፕሮግራም ነው። የሠራው በ1999 የከተማዋ የሂሳብ አስተማሪ ነበር። አረፈ። ምን እንዴት እንደጻፈ ለማንም ሳይተው አረፈ።

«ታዲያ አዲስ ፕሮግራም ለምን አትገዙም?» አልኳቸው። እንደ ጅል።

አዩኝ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ልጄ፣ አዲሱ ፕሮግራም የፕሪስታይ ቤተሰብና የእኛ ቤተሰብ ከ1987 ጀምሮ ጎን ለጎን ሜዳ ላይ መቆም እንደማይችሉ ያውቃል?»

«ምን ሆነው ነው?»

«አጥር ነው። ተይው። ላሞቹ የሚወልዱለት ስታን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት እንደማይጫወትስ ያውቃል? ሁለቱ እህትማማቾች ተሸንፈው በአንድ መኪና ወደ ቤት መመለስ እንደሌለባቸውስ?» ላፕቶፑን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ይሄ ያውቃል። አስተማሪው ሁሉንም ውስጡ ከቶታል። ይሄ ከጠፋ ውድድር አይደለም የምናደርገው፤ ጦርነት ነው።»

ትምህርት ቤቱ ለክበቡ ሁለት ማክ ሰጥቷል። ውድድሩ ማርች 7 ይጀመራል።

ሎሬን ወደ አርኔል ስትመለከት እጄ ቀድሞ ወጣ። «እኔ! እኔ እይዘዋለሁ!»

ፌብሯሪ 14

ሲነሣ ይወድቃል። ሲነሣ ይወድቃል። የድልድሉ ፕሮግራም፣ ሦስት ቀን ሙሉ።

ዛሬ ገባኝ! ገና ከእንቅልፉ ሳይነሣ ፕሪንተር ነው የሚፈልገው። ፕሪንተር ካጣ ራሱን ስቶ ይወድቃል። አስተርጓሚው የሌለ ፕሪንተር «አለ» ብሎ እንዲመልስለት አደረግሁ፤ ብድግ አለ። ለሌለ ነገር እንዲህ የሚጽናና ፍጡር አይቼ አላውቅም።

ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሆኖ እየጨፈርኩ ሳለ አርኔል አጠገቤ ቆሞ ነበር። ጆሮዬን ገለጥ አድርጌ «ምን አልክ?»

«ድልድሉን የሚያስቀምጠው የት ነው?»

«ሲ ውስጥ ነው፤ ድልድል የሚል ፎልደር አለው።»

«ሐሰተኛው ሲ ደግሞ የት ነው ያለው?»

«ጥቅሉ ውስጥ።»

«እንግዲህ» አለ። «ከጥቅሉ ውጭ አውጪው፣ የሰውየው ሰነዶች ያሉበት ቦታ አስቀምጪው። ያለፉትንም እንደዛው አድርገሻል አይደል?»

«እሺ» አልኩት። እሺ ማለት አዎ ነው፤ እሺ ማለት ደግሞ ገና ነው። ያለፉት ሦስቱ ግን ሁሉም በደንብ ይሠራሉ፤ ማንም አላማረረም።

የልብ ቅርጽ ያለው ብስኩት አመጣልኝ። ለሁሉም ነው ያመጣው። የሎሬን ክብ ነበር። ልብ የሆነው ምናልባት አንድ ብቻ ተርፎ ይሆናል።

ፌብሯሪ 23

ድልድሉ ተላከ። የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መዝገቡንም ጎን ለጎን ጨርሼ ነበር። በጠቅላላው አምስት! ሎሬን ነጭ ሰሌዳው ላይ ከስሜ ፊት አምስት ጭረት አደረገች። የአርኔል ሁለት ነው። «ስድስት ዓመት ስትሠራ ትደክማለህ» አልኩት። «ስድስት ዓመት ስትሠሪ ታነቢያለሽ» አለኝ። ምኑን? ጠየቅሁት፤ በአገጩ ግድግዳው ላይ ያለውን ዝርዝር አሳየኝ።

ዝርዝሩ ላይ አሥራ ሁለት ራይት። ብዕሬ ዘጠነኛው ላይ ትንሽ ቆመ። ቀለሙ ቀዝቅዞ ነው።

ማርች 3፣ እሑድ

እናቴ ቦት ጫማ ላከችልኝ። ካርዱ ላይ «ለቋሚዋ ሠራተኛ» ይላል። እግሬ ላይ ልክ ነው። ልክ ያልሆነው ካርዱ ነው።

ማርች 8፣ ዓርብ

ውድድሩ ትናንት ተጀመረ። አቶ ሜትሮ ዛሬ ከሰዓት ደወሉ። ከኋላቸው ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ፣ ሰው ሲጮህ ይሰማል።

«ይሄ ነገርሽ እንደ ሰዓት ይሠራል! ዘንድሮ የግድግዳውን ወረቀት ተውነው፤ የትምህርት ቤቱን ትልቅ ስክሪን ሰቅለን ሁሉም ከዚያ ያነባል። አንድ ነገር ብቻ፤ ሳትመው የሰዉ ስም ሳይሆን ካሬ ካሬ ነው የሚወጣው። ወረቀቱ የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ ይመስላል።»

የፊደል ጉዳይ ነው! ይሄንማ ዓይኔን ጨፍኜ! በአርባ ደቂቃ ውስጥ ፈታሁት። ነገ ጠዋት አዲሱን ቅጂ እልክላቸዋለሁ። በአሮጌው ላይ መጎተት ብቻ ነው።

ማርች 9፣ ቅዳሜ

ጠዋት ሁለት ተኩል። ላክሁ።

ሁለት ከሃምሳ። ደወሉ። «ስክሪኑ ባዶ ነው» አሉ። «ሠላሳ ሁለት ቡድን ነበረን። አሁን ዜሮ ቡድን አለን።»

በአሮጌው ላይ ጎተቱ። ማክ «ይተካ?» አላቸው። እሺ አሉ። ተካ። ጥቅሉን ከነሐሰተኛው ሲ፣ ሲን ከነድልድሉ።

ማዳመጫ አድርጌ ስጨፍር የጠየቀኝ ጥያቄ። የአርኔል።

የወንድሜን ፒክአፕ ይዤ እየሄድኩ ነው። ይሄን ነዳጅ ማደያ ቆሜ ነው የምጽፈው።

ማርች 10፣ እሑድ

አሁን በደንብ ልጻፈው።

ስደርስ ክበቡ ውስጥ መቶ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ከድንጋዩ ፊት በረዶውን የሚጠርጉበትን መጥረጊያ ይዘው ባዶ ስክሪን ያያሉ። ስድስቱ ሜዳዎች ነጭ ሆነው ዝም ብለዋል። አቶ ሜትሮ ባርኔጣቸውን እያዞሩ «ይቺ ናት» አሉ፤ ሁሉም ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ መሬቱ ደግሞ በረዶ ነው፣ አይከፈትም።

ቡድኖቹን መልሶ ማስገባት ቀላል ነበር። አስቸጋሪው ሠላሳ ሁለቱ ጨዋታ ነው፤ እያንዳንዱ ቡድን ሁለቴ ተጫውቷል፣ ማን አሸነፈ የሚለው ካልታወቀ ማን ከማን እንደሚገጥም አይታወቅም። የታተመው ሁሉ ካሬ ነው። ግድግዳው ላይ ወረቀት የለም። በእኔ ምክንያት።

«ቀላል ነው፣ እንጠይቃቸዋለን» አልኩ። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ መዞር ጀመርኩ።

«ሐሙስ ማታ ማን አሸነፈ?»

«እንዲያው ማሸነፍ ስትይ» አለ አንዱ ግዙፍ ሰውዬ። «የመጨረሻው ድንጋይ ላይ ፀጉር ነበረች። ከመጥረጊያ የወደቀች ፀጉር። ባትኖር ኖሮ…»

«ፀጉሯ የራስህ ናት፤ ራስህ ላይ የቀረ ስለሌለ ታውቃታለህ!» አለው ከጎኑ ያለው።

በሃያ ደቂቃ ሦስት ጨዋታ አገኘሁ፤ አንዱን ሁለቱም ቡድኖች አሸንፈውታል።

ያኔ ቨርና ጠራችኝ። ቨርና የክበቡን ባንኮኒ ሠላሳ ዓመት ያስተናገደች ሴት ናት፤ ፎጣ ትከሻዋ ላይ፣ መነጽር ግንባሯ ላይ። «ነይ እስቲ አንቺ ኮምፒዩተር» አለችኝ። «ማን አሸነፈ ብለሽ አትጠይቂያቸው። እስከ ፋሲካ ይፈጅብሻል። መጀመሪያ ማን ጋበዘ በያቸው።»

«ምን ማለት ነው?»

«እዚህ ቤት ያሸነፈ ነው ለተሸነፈው የመጀመሪያውን መጠጥ የሚገዛው። ሁሌም። ስለ ጨዋታ ይዋሻሉ፤ ስለ መጠጥ የሚዋሽ ግን እስካሁን አላየሁም።»

ወንበር ላይ ወጣሁ። «ሐሙስ ማታ፣ የመጀመሪያው ዙር! ማን ጋበዘ?»

ቤቱ ተናጋ። «ስታን ጋበዘን! ያውም ርካሹን!» «እኛ የሪታን ቡድን!» «ሪታ ሁለት ጊዜ ጠጣች!» «አንዱን ራሴ ነው የገዛሁት፣ አንተ ስስታም!» እኔ እጽፋለሁ፣ ቨርና ከባንኮኒው «አዎ» ወይ «ውሸት፣ ያ ዓርብ ነው» እያለች ታርማለች። ግዙፉ ሰውዬ በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እነሱ ናቸው የጋበዙን» ሲል ቤቱ ሁሉ አጨበጨበለት። እየሳቅሁ ነበር። በዚያ ሁሉ ጥፋት መሐል፣ ወንበር ላይ ቆሜ፣ እምባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

በሃምሳ ደቂቃ ሠላሳ አንዱ ተገኘ። አንዱ ቀረ፤ የዓርቡ የሃውሪሉክና የፕሪስታይ ግጥሚያ (ጎን ለጎን አይቆሙም እንጂ ውጤት ካገናኛቸው መግጠም ግድ ነው)። ማን ጋበዘ? የሁለቱም ጠረጴዛ ሰዎች መጥረጊያቸውን መመርመር ጀመሩ።

«አራት ብርጭቆ ታዘዘ» አለች ቨርና ቀስ ብላ። «ማንም ሳይነካው እስክዘጋ ድረስ ጠረጴዛው ላይ ቆመ። ያዘዘውን አውቃለሁ፤ ግን እኔ ብናገር ደስ አይልም። ሜትሮ፣ አንተ ተናገር።»

አቶ ሜትሮ ባርኔጣቸውን አደረጉ። አወለቁት። የሃውሪሉክ ቡድን የወንድማቸው ነው። «ፕሪስታዮች አዘዙ» አሉ። «አልጠጣንላቸውም።»

ከፕሪስታዮቹ ጠረጴዛ አንዲት አሮጊት «ታዲያ አሁን ጠጡ፣ በሬ ሁሉ!» ብለው ጮሁ። ጠጡ። ገና እኩለ ቀን ሳይሆን።

ጨዋታው ሦስት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ቀጠለ። ድልድሉን ከጥቅሉ ውጭ አውጥቼ፣ ሦስት ቦታ ገልብጬ፣ በካሬ ሳይሆን በፊደል አትሜ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ቨርና ፔሮጊ ሰጠችኝ። አቶ ሜትሮ እስከ መኪናው ሸኙኝ። «የትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ነው ያበላሸው እንላለን» አሉኝ። «አለቃሽ እውነቱን ምን ታደርግበታለች?»

እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ስመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ነው ትዝ ያለኝ። ድልድሉ አምስተኛው ነው። አራቱስ?

ማርች 12

ከፈትኳቸው። ብርድ ልብሱ፣ ወፉ፣ ዘሩ፣ ኦርጋኑ። አራቱም ሥራቸውን ሐሰተኛው ሲ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት። ለምን ይገርመኛል? እኔ ነኝ የጠቀለልኳቸው።

ግን አዲስ ቅጂ እስካልተላከ ድረስ ምንም አይሆንም። ምንም። በጸጥታ እጠግናለሁ።

ማርች 15

በጸጥታ አይጠገንም። አዲሱ ቅጂ የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን ተጠቃሚው በአሮጌው ላይ ሲጎትተው የድሮው ሥራ ቀድሞ ይጠፋል። መጀመሪያ አንድ ሰው ደውሎ «ይሄን ፎልደር ገልብጡ» ማለት አለበት። የሚደውለው ደግሞ ለምን እንደሚደውል መናገር አለበት።

ሌላ መንገድ አለ። መኖር አለበት። ሰኞ አገኘዋለሁ።

ማርች 19

ከሬድ ዊሎው ደብዳቤና አንድ ማሰሮ የኮመጠጠ ዱባ መጣ። ሎሬን ጮክ ብላ አነበበችው። «ልጅቷ በአንድ ጠዋት ከተማችንን አዳነች» ይላል። አርኔል «ከምን?» አለ።  ሎሬን ደብዳቤውን ሰሌዳው ላይ ለጠፈችው፤ ከአምስቱ ጭረት ሥር። «ዓርብ ስለ ቋሚነትሽ እንነጋገራለን» አለችኝ፤ ፈገግ ብላ። ፈገግታዋን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ቆንጆ ነው።

ቀጥላ፦ «የፊደሉ ማስተካከያ ለቀሩት አራቱም ያስፈልጋል አይደል? ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ለሁሉም አዲስ ቅጂ ይላክ።»

«እሺ» አልኩ፤ አራቱን ቅጂዎች አዘጋጅቼ የጋራው ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኩ።

ማርች 21

እናቴ ደወለች። አላነሳሁም። ነገ ጠዋት እናገራለሁ። እንደገባሁ። ኮቴን ሳላወልቅ። ቁጭ ካልኩ አልናገርም፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ማርች 22፣ ዓርብ፣ ቢሮ

ኮቴን ሳላወልቅ ተናገርኩ። ሦስት ከሩብ ነበር። አውቶቡሱ በበረዶ ዘግይቶ ነው እንጂ ቀደም እል ነበር።

ሁሉንም። ዘጠነኛውን መስመር አምስቴ ሳልሞክር ራይት ማድረጌን፣ አርኔል እንደነገረኝ፣ እንደሰማሁት፣ ማዳመጫ ሰበብ እንዳልነበረ። በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር እንዳሳበብን። ሎሬን ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ቀጥ አድርጋ፣ ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር አስተካክላ።

«እስከ እኩለ ቀን ድረስ ጊዜ አለን» አልኩ። «አልተላከም።»

አርኔል ከወንበሩ ተነሣ። ፊቱ እንደ ፎጣ ነጭ ሆኗል። «ልኬዋለሁ» አለ። «ሦስት ሰዓት ላይ። እንዳትጨናነቂ ብዬ… ዛሬ ቀንሽ ስለሆነ።»

 ከታች ሽንኩርት ይጠበሳል።

ሎሬን ግድግዳው ጋ ሄዳ የተፈረመባቸውን አምስት ዝርዝሮች አወረደች። ዘጠነኛዎቹን መስመሮች አንድ በአንድ አየች። «ፈጣን ነሽ» አለችኝ። አሁን ገባኝ ያ ቃል እንዴት እንደሚባል። «ማርች 28 የሚባል ነገር የለም። የሙከራ ሦስት ወርሽ ከዛሬ አንድ ብሎ ይጀምራል። እሱም የአራቱ ሰዎች ሥራ ከተረፈ ነው። ከአንዳቸው አንድ ነገር ከጠፋ ኮትሽን እንኳ ማውለቅ አያስፈልግሽም። ስልክ አንሺ።»

አነሳሁ።

የዘሩ ሰውዬ፦ ኢሜይል ከፋሲካ በፊት አይከፍትም። ተረፈ! ኮቴን አላወለቅሁም።

የወፏ ሴትዮ፦ መስክ ላይ ጉጉት እየቆጠረች ነው፣ በሹክሹክታ ነው ያወራችኝ። «ማታ ነው የምጭነው» አለች። «እንዳትጭኚ!» ስል ጉጉቱ በረረ። ሰደበችኝ። ተረፈ!

የብርድ ልብሷ ሴትዮ፣ ሳስካቱን ከተማ ያለችው፣ አዲሱን አውርዳ ነበር፤ ግን ወደ ሌላ ቦታ ጎትታዋለች፤ «ሁለት ሆኑብኝ፣ የቱን ልጣል?» ብላ ልትደውልልን ነበር። «አንዱንም!» አልኳት። የአሥራ ስምንት ዓመት ጥለት። ፎልደሩን አብረን ገለበጥነው፤ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ስትቆጥር ሰማኋት። አርኔል ጎኔ ተቀምጦ ቀጣዩን ቁጥር እየፈለገ ነበር።  

የቀረው ኦርጋኑ ነው። ብራንደን ከተማ የሚኖሩ ወይዘሮ ኮርነሊያ ፔነር፣ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የሃያ ስድስት ዓመት እሑዶችን፣ የትኛው መዝሙር በየትኛው የኦርጋን ቧንቧ እንደተመታ አንድ በአንድ መዝግበውበታል። ጠራ። ጠራ። ስድስቴ ጠራ። ሎሬን ቆማ ታየኛለች።

«ሃሎ?»

«ወይዘሮ ፔነር፣ ቶራ ነኝ፣ ከ…»

«እንዴት ጥሩ ሰዓት ደወልሽ! አዲሱን እያስገባሁ ነው። አንድ ነገር ጠይቆኛል። «ይተካ?» ይላል። እሺ ልበለው?»

«አይበሉት! እጅዎን ከማውሱ ላይ ያንሱ!»

«ልጄ፣ ጮኸሽብኛል።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን ያንሱ፣ እባክዎን፣ ምንም እንዳይነኩ!»

«አንዱን እጄን ነው ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም!»

ስልኩ ሲወድቅ ሰማሁ፤ ጠረጴዛ ላይ ነጠረ፣ ከዚያ ወለል ላይ። ከዚያ ከሩቅ፣ ከጣሪያው ሥር የሚመጣ የሚመስል ድምፅ፦

«አንስቻለሁ! ሁለቱንም አንስቻለሁ!»